የበታቹ ምስክርነት፤ «የጥላው ንጉሥ» ስለ ተባለው መጽሐፍ

አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው ተርተዋል። ተረት የሕዝብ ልምድ ስለ ሆነ ሊከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን ከምርመራ በላይ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ፥ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር ያስጨነቀው የመድፋችን ጥይት ብቻ አልነበረም። ይልቁንም ጥም ነበር። ጦሩ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ አሳቡን ያመጡት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ፤ ምንጩም ከተያዘ በኋላ ጠላት በጥር ወር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ሌላው ሰው በምሽጉ ግንብ ላይ ሲያፈጥ፥ እቴጌይቱ ሰው ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ አሰቡ። ይህ ዕውቀት የመጣው ቤት ከማስተዳደር ይመስለኛል። ቤቷን የምታስተዳድር ሴት በእንስራዋ ውስጥ ያለው ውሃ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ሳታሰላ አታድርም።

እንግዲህ ያ ተረት በመቀሌ ፈርሷል። ስለዚህ ዛሬ ልከራከር የተነሣሁት ከእርሱ ወዲህ ከመጣ ሌላ ልማድ ጋር ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን፥ እንዲሁም ማርች 8 በሚባለው የሴቶች በዓል፥ በየትምህርት ቤቱ ስለ ሴት ዘማቾች ንግግር ይደረጋል። ተናጋሪው የጀግኖቹን ስም ይቆጥራል፤ «ቆራጥ፥ ደፋር፥ አንበሲት» ይላል፤ ተማሪውም ያጨበጭባል። በመምህርነት ዘመኔ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከንግግሩ በኋላ ተማሪዎቼን «ምን ተማራችሁ?» ብዬ ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ይኸውም «ሴት ከወንድ አታንስም» የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው። ዳሩ ግን መሪ ለመሆን ለሚያስብ ወጣት ይህ ብቻ ስንቅ አይሆነውም። ሴት ከወንድ ካላነሰች፥ ወንድ በሥልጣኑ የሚሠራውን ጥፋት ለመሥራትም አታንስም ማለት ነውና። የሥልጣን ፈተና ወንድና ሴት አይለይም። ይህን ነገር በግልጥ የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ስላገኘሁ፥ ስለ እርሱ የማስበውን ለእናንተ ለወጣቶች ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ ሲሆን ስሙ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የጥላው ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልደው፥ በአብዮቱ ዘመን ገና ሕፃን ሳሉ ከቤተ ሰባቸው ጋር ከአገር ወጥተው፥ በናይጄሪያና በኬንያ ከኖሩ በኋላ በአሜሪካ ያደጉ ናቸው። መጽሐፉ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በተከታዩም ዓመት በእንግሊዝ አገር ለሚሰጠው ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት ከመጨረሻዎቹ 6 መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ደራሲዋ እንደ ተናገሩት፥ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሲደክሙ ሳለ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን የገዛ ቅድመ አያታቸውን ነገር ከእናታቸው ሰሙ። ጣሊያን በመጣ ጊዜ ከየቤቱ የበኩር ልጅ እንዲዘምት ታዘዘ። ቅድመ አያታቸው የበኩር ልጅ ነበሩ፤ አባትየው ግን ጠመንጃውን ለባላቸው ሰጠ። እርሳቸውም አባታቸውን በዳኛ ፊት ከሰሱ፤ ተፈረደላቸውም፤ ጠመንጃውን ተቀብለው ዘመቱ። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ሳይነገር ስንት ዘመን ሊቀመጥ እንደሚችል ከዚህ አስተውሉ።

የመጽሐፉ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1966 ዓ.ም. ሂሩት የምትባል ሴት ፎቶግራፎች ያሉበት የብረት ሣጥን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ትመጣለች። የምትጠብቀውም ኤቶሬ ናቫራ የተባለ ጣሊያናዊ፥ በጦርነቱ ዘመን ወታደርና ፎቶግራፍ አንሺ የነበረ ሰው ነው። ከዚያም ነገሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ጠላት መረብን ሊሻገር ወደ ተቃረበበት ዘመን ይወስደናል። ሂሩት በዚያን ጊዜ ወላጆቿ የሞቱባት ልጃገረድ ናት፤ ኪዳኔ በሚባል መኰንንና በሚስቱ በአስቴር ቤት ገረድ ሆና ታገለግላለች። ከአባቷ ያገኘችው ሀብት አንድ አሮጌ ውጅግራ ነው። ውጅግራ የሚለው ስም ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው ካወጡት «ፉዚ ግራ» ከሚባለው ጠመንጃ የመጣ ነው። ኪዳኔ ለጦሩ መሣሪያ ሲሰበስብ ያን ጠመንጃ ይወስድባታል። አስቴር ደግሞ ልጇ ሞቶባት በኀዘን የተጐዳች፥ በባሏም ምክንያት በገረዷ ላይ የምትቀና እመቤት ናት። በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሴት አለች፤ እርሷ በስም አትጠራም፤ «ወጥ ሠሪዋ» ብቻ ትባላለች።

ጦርነቱ ሲመጣ አስቴር የባሏን የጦር ልብስ ለብሳ፥ በፈረስ ተቀምጣ፥ ሴቶች እንዲነሡ ትጣራለች። ኪዳኔ ሴቶቹ ውሃ እንዲያቀርቡ፥ ቁስለኛ እንዲያስታምሙ፥ ሙት እንዲቀብሩ ይፈልጋል፤ እርሷ ግን ጠመንጃ አንሥተው እንዲዋጉ ትሻለች። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ የሰው ልብ ይሰበራል። ያን ጊዜ ምንም የሚባል ድኻ ዘፋኝ መልኩ ንጉሡን ስለሚመስል፥ የንጉሥ ልብስ ለብሶ በፈረስ ላይ ሆኖ ከሩቅ እንዲታይ ይደረጋል። ሂሩትም የዚህ የጥላ ንጉሥ ጠባቂ ትሆናለች። የመጽሐፉ ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ብዙ አንባቢ አስቴር በፈረስ በተቀመጠችበት ገጽ ላይ ደርሶ ይረካል። በእውነትም ገጹ ያማረ ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዳሩ ግን ደራሲዋ በዚያ እንድንረካ አልፈለጉም፤ ከፈረሱ በፊት አለንጋውን አሳይተውናልና። አስቴር በስርቆት ምክንያት ያቺን ወላጅ የሌላት ልጅ ያለ ርኅራኄ ትገርፋታለች። ስለዚህ ሴቶችን ሁሉ ለነጻነት ስትጠራ፥ ከሚሰሟት መካከል አንዷ በእርሷ እጅ የቆሰለች ናት። አንድ ቃል በሁለት ጆሮ ውስጥ እንዴት ልዩ ልዩ ሆኖ እንደሚሰማ እዚህ ላይ እንማራለን። የጎረቤት ባላባት ሚስት ጥሪውን ስትሰማ ክብር ይሰማታል። ሂሩት ግን «ይህች ሴት ጠላትን ከአገር ስታስወጣ፥ አለንጋዋን ከማን ላይ ታነሣ ይሆን?» ብላ ብትጠይቅ ማን ይፈርድባታል? አስቴር አገሯን መውደዷ እውነት ነው፤ ድፍረቷም እውነት ነው። ጥሪዋ ግን ከደጇ ሳይጀምር ወደ ሜዳ ስለ ወጣ ጎደሎ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው አስቴር ራሷ የተበደለች መሆኗ ነው። በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ ተድራለች፤ የሠርጓም ሌሊት የዕንባ ሌሊት ነበረ። እንግዲህ የግፍን ምሬት ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? ነገር ግን ግፍን መቅመስ ብቻውን ሰውን ርኅሩኅ አያደርገውም። የተበደለ ሰው ብዙ ጊዜ በደሉን ተሸክሞ ይቆይና ከእርሱ የሚያንስ ሰው ሲያገኝ በዚያ ላይ ያወርደዋል። ይህን ሰንሰለት የሚቆርጠው አስቦና ቈርጦ የተነሣ ሰው ነው። የመጽሐፉ ዋና ዕውቀት ይህ ይመስለኛል፤ ስለ ሴቶች መሪነት ከተጻፉት ከብዙ የምስጋና ቃላትም ይበልጣል።

ኪዳኔም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ቀን በጦር ሜዳ ሰዎቹን በድፍረት ይመራል፤ ስለ አገሩ ነጻነት ለመሞት የተዘጋጀ ነው። ሌሊት ግን አለቅነቱን ተመክቶ ሂሩትን በግፍ ይደፍራታል። ሁለቱ ሥራዎች የአንድ ሰው ሥራዎች ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛ የምናውቅ አንባቢዎች የእንግሊዝኛው አንባቢ ሳይነገረው የማያገኘውን እናገኛለን። ኪዳኔ ማለት ቃል ኪዳኔ ማለት ነው፤ ሂሩት ማለት ቸርነት ማለት ነው፤ አስቴር ደግሞ ሕዝቧን ለማዳን ሳትጠራ ወደ ንጉሡ የገባችው የመጽሐፍ ቅዱሷ ንግሥት ስም ነው። ደራሲዋ አስበውበት ይሁን ሳያስቡት አላወቅሁም፤ ነገር ግን ቃል ኪዳን የተባለው ሰው ቸርነት በተባለችው ላይ ሲነሣ ማንበብ ልብን ያቈስላል። በጠላት ፊት ጀግና መሆን አንድ ነገር ነው፤ እምቢ ማለት በማይችል ሰው ፊት ራስን መግዛት ሌላ ነገር ነው። አለቅነት የሚመዘነው በሁለተኛው ነው።

ይህ ነገር በጦር ሜዳ ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። በአንድ የአውራጃ ከተማ ሳስተምር በየክፍሉ አንድ አለቃ ይመረጥ ነበር። የአለቃው ሥራ መምህሩ በሌለበት ሰዓት የሚያወራውን ልጅ ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። በአንድ ዓመት ሴት ልጅ አለቃ ሆነች፤ መምህራኑም ሁሉ ደስ አለን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሰሌዳውን ስሞች ስመለከት ግን ሁልጊዜ የሚጻፉት አንድ ዓይነት ልጆች ነበሩ፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ፥ ጫማ የሌላቸው፥ ከገጠር መጥተው በዘመድ ቤት እየተላላኩ የሚማሩ። የጓደኞቿ ስም አንድ ቀን እንኳ አልተጻፈም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ተመረጠች። አንድ ቀን ከስብሰባ ስመለስ በሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ስሞች የመጀመሪያው የራሷ ነበር። «አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?» ብላት «እኔም አውርቻለሁ፥ ጋሼ» አለችኝና ከሌሎቹ ጋር ወጥታ ቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ አልላችሁም፤ የልጅ አፍ መቼ ዝም ይላል? ነገር ግን እርሷ በጻፈችው ስም ላይ «ያለ ጥፋቴ ነው» ብሎ የተከራከረ ልጅ አላየሁም። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ደፋሮች ናቸው። የለያቸው ጠመኔውን የያዙበት ልብ ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ማስተዋል ነው። ምንም ንጉሡን እንደሚመስል በመጀመሪያ ያስተዋለችው ሂሩት ናት። ሌሎቹም ያን ሰው ያዩት ነበር፤ ዳሩ ግን ስሙ ምንም፥ በዓይናቸውም ምንም ስለ ሆነ መልኩን አልተመለከቱም። ሰው የማይመለከታት ገረድ ግን ሰው የማይመለከተውን ዘፋኝ ተመለከተች። ከዚህች ማስተዋልም ለተስፋ ቈራጩ ጦር ንጉሥ ተገኘለት። ከላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሩቁን ያያል። ከታች ያለው ግን ቅርቡን ያያል። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ መሪ ብልህ ይባላል። ጆሮውን ከእርሱ ጋር እኩል በሆኑት ብቻ የሚከፍት መሪ በቤቱ ያለውን ዕውቀት እንኳ ሳያውቀው ያልፋል።

ሦስተኛው ትምህርት አብሮ ስለ መገኘት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እውነተኛው ንጉሥ ቬርዲ የተባለው ጣሊያናዊ የደረሰውን «አይዳ» የተባለውን የሙዚቃ ድርሰት እያዳመጡ ይተክዛሉ፤ ይህም ድርሰት በግብጽ ስለ ተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሚናገር ነው። የጥላው ንጉሥ ግን የጠላት ጥይት በሚደርስበት ኮረብታ ላይ ይቆማል። ሰዎቹን ያጽናናቸው ዘውዱ አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር መሆኑ ነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የመጽሐፈ መሳፍንትን 4ኛ ምዕራፍ አጥንቼ ነበር። ባርቅ 10,000 ሰው ይዞ እንዲዘምት ሲታዘዝ ዲቦራ አብራው ካልሄደች እንደማይሄድ ተናገረ፤ እርሷም ተነሥታ ሄደች። ዲቦራ ሰይፍ መዘዘች የሚል ቃል በዚያ የለም። የተጻፈው አብራ መሄዷ ነው።

በዚህ ስፍራ ግን ከደራሲዋ ጋር ጥቂት እለያያለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተው ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰምተዋል። በሕግ ሸንጎ መከራከርም እንደ ጦር ሜዳ ሁሉ የትግል ስፍራ ነው። መጽሐፉ ለትካዜያቸው ብዙ ገጽ ሰጥቶ ለዚህ ሥራቸው የሚገባውን ያህል ክብደት የሰጠው አይመስለኝም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ነጻነት አለው፤ ነገር ግን ወጣት አንባቢ ልብ ወለዱን ከታሪክ መጽሐፍ ጋር እያስተያየ ሊያነበው ይገባል።

በኋላ አስቴርና ሂሩት በጣሊያኖች እጅ ይወድቃሉ። ፉቼሊ የሚባለው ኮሎኔል እስረኞችን ወደ ገደል እያስወረወረ ይገድላል፤ ናቫራም ታዝዞ ፎቶግራፋቸውን ያነሣል። ናቫራ ክፉ ሰው ሆኖ አልተሣለም። እንዲያውም አይሁዳዊ ስለ ሆነ፥ የገዛ መንግሥቱ በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዘር ሕግ እርሱ ራሱ ከተናቁት ወገን ይቈጠራል። ነገር ግን መታዘዝን እንደ መሸሸጊያ አድርጎ ይዞታል፤ እርሱ የሚተኩሰው በካሜራ ብቻ ነውና እጁ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። ስለ መሪነት የሚጻፉ መጻሕፍት ስለ አዛዡ ብቻ ሲናገሩ ስለ ታዛዡ ይረሳሉ። ክፉ አዛዥ ያለ ታዛዥ ምንም አይሠራም። በዚያ የሽቦ አጥር ውስጥ ደግሞ እመቤትና ገረድ የሚባል ነገር ይቀራል፤ አስቴርና ሂሩት አንድ ዓይነት እስረኞች ናቸው። ሁለቱን ሴቶች እኩል ያደረጋቸው ጠላት መሆኑ ለእኛ ትልቅ ተግሣጽ ነው። ይህን እኩልነት አስቴር በገዛ ፈቃዷ፥ በገዛ ቤቷ ልትሰጠው ትችል ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የወጥ ሠሪዋ ነገር ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ስሙን ማንም ያልጠየቀው ሰውስ ምኑ ይዋልለት? ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት እንደ ዛሬው ጦር ስንቅ የሚያድለው መሥሪያ ቤት አልነበረውም። በሶው ተፈጭቶ፥ ቆሎው ተቈልቶ፥ ድርቆሹ ደርቆ የሚጓዘው በሴቶች ድካም ነበር፤ በየሰፈሩም ውሃ ቀድተው፥ እንጨት ለቅመው፥ ምጣድ ጥደው ሠራዊቱን ያበሉት እነርሱ ናቸው። የእቴጌ ጣይቱን ስም እናውቃለን፤ ማወቃችንም ተገቢ ነው። ከወፍጮው ሥር የዋሉትን ግን በጅምላ «ሴቶቹ» እንላቸዋለን። ደራሲዋ ወጥ ሠሪዋን ያለ ስም መተዋቸው ከመርሳት የመጣ አይመስለኝም። እኛ አንባቢዎች በዚህ እንድናፍር የተደረገ ነው። ስለ ሴቶች የጦር አገልግሎት ስንናገር ጠመንጃ የያዘችውን ብቻ የምንቈጥር ከሆነ፥ ጦርን ጦር ያደረገውን ሥራ ግማሹን አልቈጠርንም።

ምስጋናውን ከተናገርሁ ዘንድ ጉድለቱንም ልናገር። አንደኛ፥ የመጽሐፉ አጻጻፍ ከባድ ነው። ዐረፍተ ነገሩ በምሳሌና በቅጽል ይሞላል፤ በየመካከሉም እንደ ግሪኮች ተውኔት የሕዝብ ድምፅ እየገባ ያለቅሳል። አንዳንድ ጊዜ ኀዘኑ ነገሩን ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፥ አስቴር ሴቶችን ስታነሣሣ እናያለን፤ ነገር ግን አዛዥ ዕለት ዕለት የሚሠራውን ሥራ፥ ማን ዘብ እንደሚቆም፥ እህሉ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፥ መቼ ማፈግፈግ እንደሚገባ፥ በበቂ አናይም። መሪነት ከስሜት ይልቅ በእነዚህ ጥቃቅን ውሳኔዎች ይታወቃል።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን በእውነት የኖሩ ሴቶች አሉ። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ሲሆኑ፥ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በፍቼ በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ያቀብሉ ነበር፤ ተይዘው ተሠቃዩ፤ በጣሊያን አገር ወዳለችው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከተመለሱም በኋላ ወደ ትግሉ ገቡ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ደግሞ በአዚናራ ታስረው የነበሩ ሲሆን፥ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ድርሰት ጽፈዋል፤ በ1957 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫም ለፓርላማ ተመርጠዋል። የወይዘሮ ሸዋረገድን ሥራ አስቡት። ማን እንደሚታመን መለየት፥ ምን መናገርና ምን መደበቅ እንደሚገባ ማወቅ፥ በሥቃይ ጊዜም የሌላውን ሰው ስም አለመስጠት። ይህ ሁሉ ፈረስና ነጋሪት የሌለበት መሪነት ነው። እንዲህ ያለው የከተማ ውስጥ ትግል በልብ ወለዱ ውስጥ ሰፊ ቦታ ቢያገኝ ኖሮ መጽሐፉ ይበልጥ በተሟላ ነበር።

አንዳንድ ሽማግሌዎች፥ የእኔ ጓደኞችም ከእነርሱ ይገኙባቸዋል፥ እንዲህ ያለው መጽሐፍ የአርበኞቻችንን ስም ያጐድፋል ይላሉ። ጭንቀታቸውን እረዳዋለሁ፤ የብዙ አርበኞች ውለታ ገና አልተከፈለምና። ነገር ግን መጽሐፉን ደግመው ቢያነቡት፥ በየትም ገጽ ላይ የአገርን ነጻነት የሚያቃልል ቃል አያገኙም። የሚያገኙት ነጻነት እስከ ማድ ቤት ድረስ እንዲገባ የሚጠይቅ ቃል ነው። ወርቅ በእሳት ቢፈተን ይጠራል እንጂ አይጠፋም። ደግሞም ጀግኖቻችንን ሁሉ እንደ መላእክት አድርገን ብናስተምር፥ ወጣቱ «እኔ መልአክ ስላልሆንሁ ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ ይሄዳል። ጉድለት ያለበት ሰው ጉድለቱን ሲታገል ቢያይ ግን የራሱን ይመረምራል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ እንግሊዝኛ የምታነቡ ይህን መጽሐፍ ፈልጋችሁ በትዕግሥት አንብቡት፤ ላላነበቡትም ተርካችሁ ንገሯቸው። ስለ ሂሩት ስትነጋገሩም ስለ አንድ ነገር እንድትነጋገሩ እለምናችኋለሁ። ዛሬም በከተማ በብዙ ቤት ውስጥ ከገጠር የመጣች፥ በዕድሜ ከእናንተ የማትበልጥ ልጅ ትሠራለች። እናንተ ሳትነሡ ትነሣለች፤ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ ትተኛለች። የትምህርት ቤት ልብሳችሁን የምታጥበው እርሷ ናት፤ ምናልባትም ስለ ሴት ጀግኖች ንግግር ለማድረግ የለበሳችሁትን ያንኑ ልብስ። እንግዳ ሲመጣ «ሠራተኛዋ» ትባላለች፤ ስትፈለግ «አንቺ!» ተብላ ትጠራለች። ዕቃ ሲጠፋ በመጀመሪያ የምትጠረጠረውም እርሷ ናት። የሂሩት ታሪክ በ1928 ዓ.ም. የተዘጋ መስሏችሁ እንደ ሆነ አልተዘጋም።

የእናንተ የመጀመሪያ ሠራዊት ይህች አንዲት ልጅ ናት። ሹመት እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ፤ በእርሷ ላይ ያላችሁ ሥልጣን ዛሬ በእጃችሁ ነው። ሙሉ ስሟንና የመጣችበትን አገር ጠይቋት። በስሟ ጥሯት። የበላችሁበትን ሳህን ራሳችሁ አንሡ። ዕቃ ሲጠፋ በመጀመሪያ የራሳችሁን ሣጥን ፈትሹ። ማንበብ የማትችል እንደ ሆነች ማታ ማታ ፊደል አስቈጥሯት፤ ማንበብ ብትችል ደግሞ የማታ ትምህርት እንድትገባ ወላጆቻችሁን ለምኑላት፤ እምቢ ቢሏችሁም ደግማችሁ ለምኑ። በኋላ ትልቅ ሰው ሆናችሁ በመሥሪያ ቤት፥ በጦር ሠራዊት ወይም በሌላ ስፍራ ሰው ስታዝዙ፥ ምን ዓይነት አለቃ እንደሆናችሁ ለማወቅ የበላዮቻችሁን ምስክርነት አትሹ። ከበታቻችሁ የነበረችውን ጠይቁ።